ጋሽ ካሳዬ ዛሬም ጦሳ ወጡ

በዚያ ዘመን ደሴ ውስጥ «አሰልጣኝ» የሚባል ሰው ማንንም አያሠለጥንም ነበር። ሥራው በሌላ ሰው ፈንታ መንቀሳቀስ ነው። ጠዋት በደንበኛው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ደንበኛው እንቅልፉ ሳይለቀው እጁን በበሩ ክፍተት ያወጣል፤ አሰልጣኙ የጤና አምባሩን ከእጁ አንጓ አውልቆ በራሱ ክንድ ላይ ያጠልቅና ይሮጣል። አምባሩ የሚፈልገው የሞቀ ክንድና የሚመታ ልብ ብቻ ነው፤ የማን እንደሆነ አይጠይቅም። ረፋዱ ላይ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፤ ባለቤቱም ከተሸካሚ ወንበሩ ሳይወርድ ጤነኛ ሆኖ ይውላል፤ አልተንቀሳቀሰም ተብሎ የሕክምና ወረፋውም አይነካበትም። «ዛሬ ስፖርት ሠራህ?» ሲባል «አዎ፣ ልጁ ሠርቶልኛል» ብሎ መመለስ የተለመደ ነበር። የሚስቅ አልነበረም።

ይማም ከእነዚህ አሰልጣኞች አንዱ ነው። የነጋዴውን፣ የጥርስ ሐኪሙን፣ የመምህርቷን አምባር ክንዱ ላይ ደርድሮ ሲወጣ መንገድ ላይ እግረኛ አያገኝም። መንገዱ የወንበር ነው። በእግሩ የሚሄድ ሰው ከታየ አንድ በራሪ ጠባቂ ከመብራት ምሰሶው ላይ ወርዶ ፊቱ ይንሳፈፍና በትሕትና «መንገድ ጠፍቶብዎት ነው? እርዳታ ይፈልጋሉ?» ይለዋል። ይማም በየቀኑ «ደኅና ነኝ፣ እየሄድኩ ነው» ብሎ ይመልሳል። ጠባቂው በየቀኑ እንደ አዲስ ይጠይቀዋል።

የእያንዳንዱ ሰው አምባር በዘመዶቹ ሳሎን ግድግዳ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ሆኖ ይታያል። እናት ልጇ የት እንደቆመ፣ ልቡ እንዴት እንደሚመታ፣ መቀመጡንና መተኛቱን ከሶፋዋ ሳትነሳ ታያለች። አምባሩ ለጥቂት ደቂቃ የሚመታ ልብ ሲያጣ ነጥቡ አመድ ይመስላል፤ በዚያው ቅጽበት መልእክቱ ለዘመድ ሁሉ ይደርሳል። መሥሪያ ቤቱ ይህን «የተቀላጠፈ አገልግሎት» ይለዋል። ከዚያ ወዲህ ሰው የእናቱን ሞት ስብሰባ ላይ፣ አሳንሰር ውስጥ፣ ጉርሻ አፉ ውስጥ እንዳለ ይሰማ ጀመር። ሽማግሌ ሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ በር አንኳኩቶ መርዶ መንገር የድሮ ሰዎች ነገር ሆኖ ቀረ።

የዚያን ቀን ጠዋት ይማም ጋሽ ካሳዬ ደጃፍ ሲደርስ እንደ ልማዱ እጁን አልዘረጋም። እዚህ ቤት የሚጠብቀው አምባር ሳይሆን ሰውየውን ራሳቸውን ነው። ሁልጊዜ በሩን ከፍተው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ «እንሂድ» ብለው ይቀድሙታል። ዛሬ በሩን የከፈቱት ታናሽ እህታቸው እትዬ ዘርትሁን ናቸው። በአንድ እጃቸው ላይ ሁለት አምባር አጥልቀዋል፤ በሌላው እጃቸው አንጓቸውን ጨምቀው ይዘውታል።

«ግባ። ድምፅህን ዝቅ አድርግ።»

«ጋሼ አመማቸው እንዴ?»

«ወንድሜማ ሄደ» አሉ ከንፈራቸውን ነክሰው። «ጫማውን ሊያጠልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጠ። አንዱን አጥልቋል። ስገባ እጁ ገና ትኩስ ነው። ሌላ ነገር አላሰብኩም፣ አምባሩን ፈትቼ ለራሴ አጠለቅኩት።»

ይማም ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

«ላለቅስ እንኳ አልቻልኩም» አሉ እትዬ ዘርትሁን። «ልቤ ፈጠን ሲል ይኸው ይጮህብኛል። ምንታምር ደወለች፤ ‹አክስቴ፣ አባዬ ልቡ ለምን እንዲህ ይመታል?› ትለኛለች። ‹ደረጃ ወጥቶ ነው› አልኳት። የምን ደረጃ! ይህ ቤት ደረጃ አለው?»

ምንታምር የጋሽ ካሳዬ አንድ ልጅ ናት። አርባ ምንጭ አግብታ፣ ሁለት ፅንስ ከሆዷ ከወደቀባት በኋላ ሦስተኛውን ይዛ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ደም ግፊቷ ከፍ ብሏል፤ ለመውለድ ሳምንታት ቀርተዋታል፤ ሐኪሟ ድንጋጤ የሚባል ነገር እንዳይደርስባት አስጠንቅቋል። በአልጋዋ ፊት ባለው ግድግዳ ላይ በየጠዋቱ የአባቷ ነጥብ ቀስ እያለ ጦሳ ተራራን ሲወጣ ታያለች። ነጥቡ ጫፍ ላይ ሳይደርስ ቁርሷን አትነካም።

«እስክትወልድ ብቻ» አሉ እትዬ ዘርትሁን። «ከዚያ ሽማግሌ ይዘን እንሄዳለን፣ ጎህ ሲቀድ፣ በወጉ፣ እቅፋችን ውስጥ አድርገን እንነግራታለን። ልጃችንን ግድግዳ አያረዳብንም። ውሰድልኝ ይማም።»

«እትዬ፣ ጋሼ እኮ አምባራቸውን ለማንም ሰጥተው አያውቁም። እኔንም ከልክለውኛል። በሕይወት እያሉ የከለከሉኝን ዛሬ እንዴት ብዬ…»

«ታዲያ ለማን ልስጠው? የዚህ ሰፈር ሰው ልብ ከወንበር ወርዶ ሽንት ቤት ሲገባ ይደልቃል። እንደ እሱ ቀስ ብሎ የሚመታ ልብ ያለው ሰው ከአንተ ሌላ አምጣልኝ!»

ይህን ሲሉ ይማም ስለ ራሱ ያላሰበውን ነገር ነገሩት። እውነትም ከእርሱ ሌላ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም።

ይማም ድሮ እንዲህ አልነበረም። ወጣትነቱን ያሳለፈው ጨለምለም ያለ ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ ነው፤ ከደሴ ሆኖ አፋር በረሃ ያሉ የጨው መኪናዎችን ይነዳ ነበር። ምግቡ በመስኮት ይገባል፤ ወንበሩ ወደ መኝታው ይወስደዋል። የእናቱ ቤት ዳገት ላይ ስለሆነ ከዓመት ወደ ዓመት እየራቀው ሄደ፤ በመጨረሻ በግድግዳ ብቻ ያያት ነበር። መኪናዎቹ ራሳቸውን መንዳት ሲጀምሩ ወንበሩን አስረከበ። የሞቀ ክንድ ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ሲፈልግ የአሰልጣኞች ማኅበር ተመዘገበ። ብዙዎቹ እንደ እርሱ ነበሩ። አንዱማ የአንድ ጠበቃ አምባር ፍየል እግር ላይ አስሮ ሜዳ ለቀቀ፤ ጠበቃው ቀኑን ሙሉ ሲያመሰኩ ዋሉ ተብሎ ከማኅበሩ ተባረረ።

የመጀመሪያ ደንበኛው ጋሽ ካሳዬ ነበሩ። አራዳ የልብስ ስፌት ሱቅ ያላቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ ጎንበስ ብለው የኖሩ፣ ጀርባቸው አልቀና ሲላቸው በስተርጅና ተራራ መውጣት የጀመሩ ሰው ናቸው። አሰልጣኙን ለአባቷ በስጦታ የላከችው ምንታምር ናት። ይማም እያለከለከ በሩ ላይ ደርሶ እጁን ሲዘረጋ፣ ጋሽ ካሳዬ በመነጽራቸው አናት ላይ አዩት።

«ምን ልስጥህ?»

«አምባርዎን ጋሼ። እኔ እሮጥልዎታለሁ።»

«አንተ? ለኔ?» ብለው ከእግሩ እስከ ራሱ ለኩት። «ልጄ፣ አንተ አሁን በሩን አልፈህ ብትገባ ራሱ ደስ ይለኛል። አምባሬን አልሰጥህም። የልጄን ስጦታ ግን አልመልስም። ና፣ ውጣ ከኔ ጋ።»

የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ይማም ጉልበቱ ከድቶት ተቀመጠ፤ ያስመልሰው ጀመር። ጋሽ ካሳዬ አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከኪሳቸው ለውዝ አውጥተው እየፈለፈሉ በሉ። አልመከሩትም፤ አላዘኑለትም። ሲበቃው «ነገ ከዚህች ድንጋይ አለፍ ብለህ ትቀመጣለህ» አሉትና ወረዱ። በማግስቱ አለፍ ብሎ ተቀመጠ። አፉን ከፍቶ ሲተነፍስ «ዝጋ አንተ! ተራራው ወሬ አይወድም። በአፍንጫህ ሳብ» ይሉታል። ሲወጡ አይናገሩም፤ ሲወርዱ ግን አያቆሙም። በየጊዜው ሱቃቸው ወስደው ሱሪውን ከወገቡ ያጠብቡለታል። በመጨረሻ የተቆረጠው ጨርቅ ተርፎ ኮፍያ ወጣው፤ እርሱን ደፍተውለት በሱቁ መስታወት ፊት አቆሙት። ይማም መስታወቱ ውስጥ ያለውን ሰው ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ፈጀበት።

እንቅልፉ መለስ አለለት። ራሱን ሳይደግፍ ጫማውን ማሰር ቻለ። ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ሽታውን ማወቅ ጀመረ፤ ለካ አፍንጫ ነበረው። አንድ ቅዳሜ የእናቱን ዳገት በእግሩ ወጥቶ በሩን ሲያንኳኳ፣ እናቱ በግድግዳው ላይ ቆሞ የሚያናግራት መስሏት ከሶፋዋ ሆና «አቤት» አለችው እንጂ አልከፈተችም። ያንን ቀን ሲያስታውስ ሁልጊዜ ጋሽ ካሳዬን ያመሰግን ነበር፤ በቃል ነግሯቸው ግን አያውቅም። ተራራ ሲወጡ አይወራም፤ ሲወርዱ ደግሞ እርሳቸው ናቸው የሚያወሩት።

አሁን እጁን ዘረጋ። እትዬ ዘርትሁን አምባሩን ፈትተው አጠለቁለት። አምባሩ ነዘረ፣ አሰበ፣ ከዚያ በሴት ድምፅ «አቶ ካሳዬ፣ ልብዎ ተረጋግቷል። መልካም ቀን» አለ።

እትዬ ዘርትሁን ወደ ጓዳው በር አፈገፈጉ።

«አሁን ላልቅስ?»

«አልቅሱ እትዬ። እኔ ልውጣ።»

ነጥቡ ዘግይቶም ቢሆን ጦሳ ወጣ። አርባ ምንጭ ላይ ቁርስ ተበላ።

ቀብሩ በማግስቱ ነበር። አምባር ስላልቆመ በመሥሪያ ቤቱ ዘንድ የሞተ ሰው የለም፤ የእድሩ ዳኛ ግን ቀበሌ ሄደው ጉዳዩን በጆሮ ነገሩ፤ ቀበሌው ውስጥ ያለው ሰው ደግሞ የደሴ ልጅ ስለሆነ «እኔ አልሰማሁም፤ ነፍስ ይማር» ብሎ ወረቀቱን ወደ ጎን አደረገው። የቀረው ችግር ይማም ነበር። ጋሽ ካሳዬ ከሰዓት በኋላ የሚውሉት ሱቃቸው ነው። ነጥባቸው በሥራ ቀን መድኃኔዓለም መቃብር ቦታ ከታየ ምንታምር ትጠይቃለች፤ ከጠየቀች ደግሞ አምባሩ ድምፅ ስለሚያስተላልፍ ለቅሶውን ትሰማለች። ስለዚህ ይማም መምህሩን አልቀበረም። ሱቁን ከውስጥ ዘግቶ በእርሳቸው መቀመጫ ላይ ተቀመጠ።

አስከሬኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው በአራዳ በኩል ነው። ሰው የሠራበት ቦታ ፊት አስከሬኑን ማቆምና ማልቀስ የቆየ ልማድ ነው። ይማም ከሩቅ የሴቶቹን ዋይታ፣ የመለከቱን ድምፅ ሰማ፤ እየቀረበ መጣ። የስፌት መኪናውን መዘወር ጀመረ፤ ምንታምር ብታዳምጥ የለመደችውን እንድትሰማ። ልቡ ሊፈጥን ሲል ተሰማው። አፉን ዘጋ። በአፍንጫው ሳበ።

ዋይታው ድንገት ቆመ።

በበሩ ስንጥቅ አየ። ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ነጠላ፣ በእግሩ መቆም ያቃተው በወንበሩ እየተንሳፈፈ፣ ሱቁ ፊት ደርሶ ዝም ብሏል። የእድሩ ዳኛ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ከፊት ቆመዋል። አስለቃሿ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ትከሻዋ ይርገፈገፋል። የጋሽ ካሳዬ ሳጥን በዚያ ዝምታ መሐል ጥቂት ቆመ፤ ሱቁ ውስጥ የስፌት መኪናው ይንጠቀጠቃል። ከዚያ አለፈ። ለቅሶው እንደገና የተነሳው መታጠፊያውን ካለፉ በኋላ ነው።

«አቶ ካሳዬ፣ ልብዎ ተረጋግቷል» አለ አምባሩ።

ይማም እጁን ከዘዋሪው ላይ አላነሳም። ምንም አልሰፋም ነበር፤ መርፌው ባዶውን ይወጣል፣ ይወርዳል። ይህን ማድረግ የሚችል ልብ ከየት እንዳመጣው አሰበ። «አመሰግናለሁ ጋሼ» ሊል ፈለገ፤ አምባሩ ስለሚሰማ ዋጠው።

ከዚያ በኋላ ቀኖቹ አንድ መልክ ያዙ። ጠዋት በጋሽ ካሳዬ እርምጃ ይወጣል። የሌሎቹን አምባር እንደድሮው አብሮ ስላጠለቀ ሁሉም በሽማግሌ እርምጃ ይሄዱ ጀመር። ነጋዴው አቶ ብራራ ተቆጥተው ደወሉ።

«አንተ ይማም፣ እኔን ምን አድርገኸኝ ነው? ሚስቴ ግድግዳውን አይታ ‹አረጀህ› እያለች ትስቅብኛለች!»

«ትንሽ ይታገሱኝ ጋሼ። ሐዘን ላይ ነኝ።»

«የማን ሐዘን?»

«አልነግርዎትም።»

ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር አቶ ብራራም ያውቁ ነበር። «እሺ፣ በል ቀስ በል» አሉና ዘጉት።

እትዬ ዘርትሁን ማታ ማታ ሲደወል «ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘግቷል» ይሏታል። ምንታምር ግን በየጠዋቱ ለአባቷ ድምፅ ትልካለች፤ ተራራ ላይ መልስ እንደማይሰጡ ስለምታውቅ መልስ አትጠብቅም። «አባዬ፣ ዛሬ ሌሊቱን ሙሉ ሲራገጥ አደረ፣ ኳስ ተጫዋች ነው መሰለኝ።» «አባዬ፣ ዛሬ እግሬ አብጧል፤ ከልብስ ሰፊ ጫማ ሰፊ ብትሆን ይሻል ነበር።» ይማም ለእርሱ ያልተላከ ድምፅ እየሰማ ይወጣል። መጀመሪያ ላይ ያፍር ነበር። እየቆየ ግን ካልሰማው ጠዋቱ አልነጋ ይለው ጀመር።

ስሕተቱም የመጣው ከዚሁ መላመድ ነው። የሰው አምባር መሆኑን ረሳው።

ዓርብ ነበር። ከተራራው ወርዶ ወደ ሱቁ ሲሄድ አዛን ተሰማ፤ እግሩ እንደሁልጊዜው ወደ መስጊዱ ታጠፈ። ውዱእ አደረገ፤ ውሃው በአምባሩ ላይ ፈሰሰ። ከሰዉ ጋር ተሰለፈ፤ ኹጥባውን ሰማ፤ ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ፣ ግንባሩን መሬት አስነካ። ወጥቶ በር ላይ ጫማውን ሲፈልግ አምባሩ ነዘረ።

«አባዬ» አለች ምንታምር። ድምፅ ልካ አይደለም፤ በቀጥታ ነው የደወለችው። «አባዬ፣ መስጊድ ውስጥ ምን ትሠራለህ?»

ይማም ጫማ መፈለጉን ተወ።

«ግድግዳው ላይ አየሁህ። ስትሰግድ።» ድምፅዋ ትንሽ ሳቅ ነበረበት። ከዚያ ሳቁ ቀስ ብሎ ጠፋ። የሚመልስላት ስታጣ ሌላ ስም ጠራች፦ «ይማም?»

ዝም ማለት ይችል ነበር። ግን ስሙን ስትጠራው አፉ ቀደመው።

«አቤት።»

ሰው እየገፋው ያልፋል፤ አንዱ «ጫማዬን ረገጥክ እኮ» ይላል። ከአርባ ምንጭ የሚመጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ጋሽ ካሳዬ አምባራቸውን ለሰው እንደማይሰጡ ከልጃቸው የተሻለ የሚያውቅ የለም።

«መቼ?» አለች።

«ያለፈው ሳምንት። ጠዋት፣ ጫማቸውን ሲያጠልቁ። አልታመሙም እህቴ። ወላሂ አልታመሙም።»

ትንፋሿ መቆራረጥ ጀመረ። ከበስተጀርባዋ የሆነ ነገር ይጮህ ጀመር፤ የሆስፒታሉ መሣሪያ ይሁን የራሷ አምባር አልለየም። ይማም የሰው ሁሉ ሥጋት፣ የእትዬ ዘርትሁን ልመና፣ ያ ሱቅ ፊት የታፈነ ለቅሶ ሁሉ በእርሱ ስሕተት ሲፈርስ ታየው። በዚያ ሰዓት ምን እንደሚል አላሰበም፤ ለዓመታት ሲባል የሰማውን አለ።

«አፍሽን ዝጊ።»

«ምን?»

«አፍሽን ዝጊ አልኩሽ! በአፍንጫሽ ሳቢ። እኔን ስሚ፣ እኔ የማደርገውን አድርጊ።» አምባሩን አፍንጫው ሥር አስጠጋ። ሳበ። ያዘ። ለቀቀ። የመስጊዱ ሰው እየዞረ ያየዋል፤ አንድ ሽማግሌ ወንበራቸውን አቁመው «ምን ሆነ ልጁ?» አሉ። ይማም በእጁ ዝም አሰኛቸው። ሳበ። ለቀቀ። መጀመሪያ ብቻውን ነበር። ከዚያ የእርሷ ትንፋሽ ከኋላ ተከተለ፤ ተደናቀፈ፤ እንደገና ተከተለ። የመሣሪያው ጩኸት ቆመ። በዚያ በር ላይ ሰው ሁሉ ጫማውን አድርጎ እስኪሄድ ድረስ አብረው ተነፈሱ። በሥራ ዘመኑ ሰው ያሠለጠነው ያን ጊዜ ነው።

በመጨረሻ ምንታምር ተናገረች። ድምፅዋ ደክሟል፤ ግን ተረጋግቷል።

«እንዲህ ቀስ ብሎ የሚመታ ልብ ከእሱ ሌላ አላውቅም ነበር። ለዚህ ነው ያልገባኝ።»

«ከእርሳቸው ነው ያገኘሁት» አለ ይማም።

«አክስቴ መስማቴን ታውቃለች?»

«አያውቁም። ቢሰሙ ይሞታሉ።»

«እንዳትነግራት። በወጉ ትንገረኝ። እስከዚያ አላለቅስም፤ ይህን ልጅ ይዤ አላለቅስም።» በአፍንጫዋ ሳበች። «ነገ ትወጣለህ?»

«ከፈቀድሽ እወጣለሁ።»

«ውጣ። ግን ከሁለተኛው መታጠፊያ በኋላ አትፍጠን። እሱ እዚያ ጋ ያዘግም ነበር። ሰሞኑን ስትፈጥን ሳይ ጉልበቱ ተሻለው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንታምር የአባቷን ነጥብ ዐውቃ ታየው ነበር። ጠዋት ጠዋት ይደውልላታል፤ ሳይነጋገሩ እርሱ እየወጣ፣ እርሷ ተኝታ፣ አብረው ይተነፍሳሉ። ግፊቷ ወረደ። ሐኪሟ መድኃኒቱ ሠራ ብሎ ጻፈ። ምጥ የመጣባትም ጠዋት፣ ይማም መንገድ ላይ እያለ ነው፤ «ዛሬ እኔ ነኝ የምወጣው፣ አንተ ቁጭ በል» አለችው። ይማም ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አፍንጫውን ወደ አምባሩ አስጠግቶ ቆየ። በራሪው ጠባቂ መጥቶ «እርዳታ ይፈልጋሉ?» ሲለው «አሁን ዝም በል» አለው፤ ጠባቂውም ዝም ብሎ አጠገቡ ተንሳፈፈ። ፀሐይ ተራራውን ዞራ ሳትጨርስ ከወዲያ በኩል የሕፃን ለቅሶ ተሰማ። ሴት ልጅ ናት።

ምንታምር አራስ ቤት ሳለች መርዶው አልተነገራትም። ጉልበቷ ከተመለሰ፣ ልጅቱም ክርስትና ከተነሳች በኋላ እትዬ ዘርትሁን፣ የእድሩ ዳኛ፣ አንድ ቄስና ይማም በባቡር ተነሱ። ይማም ወጣት ነው፤ ለመርዶ የሚሄደው ሽማግሌ ነው። እትዬ ዘርትሁን ግን «እሱ ከሌለ አልሄድም» አሉ። አምባሩ ያለው እርሱ ክንድ ላይ ነው፤ መርዶው በሰው አፍ ሳይነገር ሊወልቅ አይችልም። ስለዚህ በምንታምር ሳሎን ግድግዳ ላይ የአባቷ ነጥብ ከደሴ ተነስቶ አገር አቋርጦ፣ ሐይቆቹን አልፎ፣ ወደ እርሷ ቤት ሲመጣ አደረ። ባሏም አይቶታል። ሁለቱም አልተኙም።

ጎህ ሲቀድ አንኳኩ። በሩ ወዲያው ተከፈተ። ምንታምር ልጇን አቅፋ፣ ነጠላዋን ለብሳ ቆማለች። የእድሩን ዳኛ አየች፣ ቄሱን አየች፣ አክስቷን አየች። ባሏ ልጅቱን ከእጇ ተቀበላት። እትዬ ዘርትሁን መንገድ ሙሉ ሲያጠኑት የመጡት ቃል ጠፋባቸው።

«ምንታምርዬ…» አሉ። «አባትሽ…»

ይማም ምንታምር ምን እንደምታደርግ ሲያስብ ነበር የከረመው። የምታውቀውን ነገር እንዳላወቀች ሆና ትቀበላለች ብሎ ነበር። አልሆነም። «አባዬ!» ስትል ከደረቷ የወጣው ድምፅ አሁን ገና የተሰማ መርዶ ነው፤ ያን ሁሉ ጊዜ ይህችን ቃል ከአክስቷ አፍ ስትጠብቅ የቆየች ሰው ድምፅ ነው። እትዬ ዘርትሁን አቀፏት፤ አብረው ወለሉ ላይ ወረዱ። ዳኛው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ጎረቤት በሩን እየገፋ ይገባ ጀመር።

ከአክስቷ እቅፍ ውስጥ ሆና ምንታምር እጇን ወደ ይማም ዘረጋች። አንጓውን አምባሩ ላይ ጨብጣ ያዘችው።

«እግዜር ይስጥህ» አለች። «አድርሰኸኛል። በቃ፣ አንተም አልቅስ።»

ይማም አፉን ከፈተ። አየሩ ሳይታዘዝ ገባ፤ ሳይታዘዝ ወጣ። ልቡ እንደ ድሮው፣ እንደ መጀመሪያው መታጠፊያ፣ ደረቱን ትደበድበው ጀመር፤ አልያዛትም። ሱቁ ውስጥ የዋጠው፣ ተራራው ላይ የዋጠው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ። «ጋሼ!» አለ ጮክ ብሎ፤ «ጋሼ፣ አመሰግናለሁ!»

«አቶ ካሳዬ» አለ አምባሩ፣ «ልብዎ ፈጥኗል። እባክዎ ይቀመጡ።»

ምንታምር ራሷ ፈታችው።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግድግዳው ላይ ነጥቡ አመድ ሆነ። በዚያው ቅጽበት የተቀላጠፈው መልእክት በቤቱ ውስጥ ባለ ሰው ሁሉ ክንድ ላይ ነዘረ፤ በደሴም በየሳሎኑ ተሰማ። በዚያ ክፍል ውስጥ ግን ሰው ሁሉ ተቃቅፎ ያለቅስ ነበርና ዞር ብሎ ያየው የለም።